እንደ ላይኛው

ራድነር ኮረብታ፣ ከዌልስ ጠረፍ ላይ፣
እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ፣ ጭጋጉ ሲለያይ፣
አርባ ዓመት ቆሜአለሁ፣ እርሳስ ከጆሮዬ፣
እርጥቡ መዝገብ ከጉያዬ።
ሥራዬ ቀላል ነው፦ የሸክላ ሳህን ይወጣል፤
ወይ ይሰበራል፣ ወይ ሳይነካ ይወድቃል።
ለተሰበረው ጭረት፣ ለተሳተው ዜሮ፤
ይኸው ነው የኖረው የክበባችን ኑሮ።

ሦስት ዓምድ አለው መዝገቡ፦ ስም፣ መሣሪያ፣ ውጤት።
ስሙም ይለወጣል፣ ውጤቱም እንደ ሰው ዕድል፤
መካከለኛው ግን ያው ነው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ይላል፦
"ጥንድ አፈሙዝ፣ የዋልነት እንጨት።"
አንዴ ከላይ እጽፈዋለሁ ለመጀመሪያው ሰው፤
ከሥር ላሉት ሁሉ፦ "እንደ ላይኛው"፣ "እንደ ላይኛው"።

የኛ ጠመንጃዎች ጨዋዎች ናቸው፤
ወገባቸው ታጥፎ እጅ ይነሳሉ፣ ሰው ሲያያቸው።
ተከፍተው ክንድ ላይ ሲተኙ ጉሮሮአቸው ይታያል፤
"ሞት የለም በውስጤ" ይላል።
የካፒቴን ፕሮሰር፣ ከአያቱ የወረሰው፣
ብሩ ላይ የተቀረጸች ቆቅ አለችው፤
ዋጋውን ከቶ አይናገርም፣
እንድንረሳውም አይፈልግም።

በመጋቢት መጣች ኬንወን፣ የፍልፈል አጥማጁ ልጅ፣
ጭቃ በጫማዋ፣ ጠመንጃ በእጅ።
ጠመንጃ ካሉት ነው! ሦስት ጎራሽ፣
አንድ አፈሙዝ ብቻ፣
ሰደፉ ፕላስቲክ፣ የተሰነጠቀ፣
በሰማያዊ ሲባጎ የታነቀ፣
እንደ ብስክሌት መንፊያ የሚሳብ፣ የሚገፋ፣
ከየስንጥቁ የበግ ጠጉር የሚተፋ።

ኢድወል ጸሐፊያችን ሕጉን አወጣ ከኪሱ፦
"ጠመንጃ ወገቡ ይታጠፍ፣ ይላል መጽሐፉ ራሱ።"
"ወገብ የለው የኔ፣ ከቶ አይታጠፍም፤
አባቴም ለፍልፈል እንጂ ለሰው አላጎነበሰም።"
አንዱ ሳቀ፤ አንዱ ሻዩን ደፋ፤
ካፒቴኑ የብር ቆቁን ይወለውል ጀመር፣ ሌላ ሥራ ጠፋ።

እሷ ግን ከኪሷ ካሮት አወጣች፣
ግማሹን ገምጣ፣ ግማሹን ከጥይቱ ማጉረሻ ሰካች፤
"ይኸው ጎርሷል" አለች፤ "የጎረሰ አፍ አይናገርም፤
ካሮት ባለበት ጥይት አይገባም።"
ኢድወል ሕጉን ገለበጠ፣ ደግሞ ገለበጠ፤
ስለ ካሮት የሚል አንቀጽ አጥቶ ተቀመጠ።

"ልቀቅ!" አለች። ሸክላው ከጉድጓዱ ወጣ፤
ሳተች። ቀጭ-ቋ አቀባበለች፤ ሁለተኛው መጣ፤
ሳተች። ቀይ ቀለህ ተወርውሮ
ካፒቴኑ ኮፍያ ላይ አረፈ፣ ዞሮ ዞሮ።
(እኛ ቀለሃችንን እንደ ዕንቁላል ለቅመን
ነው የምናስቀምጠው፣ በጣታችን።)
ሦስተኛው ብን አለ፣ ጥቁር ዱቄት ሆነ፣
ሸለቆው ላይ ተበተነ።

እውነት ልናገር? አላሸነፈችም።
ከሃያ አምስት አሥራ ሦስት፤ ማንም አላጨበጨበም።
ተረት ቢሆን ኖሮ ሁሉንም በሰበረች፤
እሷ ግን ካሮቷን በላች፣ ሂሳብ ከፈለች፣ ሄደች።

የኔ ጣጣ መጣ ከመካከለኛው ዓምድ፦
"እንደ ላይኛው" አይባል፤ ላይኛው ሌላ ዘመድ።
"አንድ አፈሙዝ፣ ሲባጎ፣ ካሮት" ብዬ ጻፍኩኝ፤
እጄ እንደ ተማሪ ሲንቀጠቀጥ ታዘብኩኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ኢድወል ከሁሉ ቀድሞ መጣ፣
ከረጅም ካፖርቱ ሥር ቀጭን ነገር አወጣ፤
አያቱ ከጌቶች ጫካ ጥንቸል በሌሊት የሰረቀበት፣
ስልሳ ዓመት ከጣሪያ ሥር ሸረሪት ያደረበት።
ጉሮሮው ላይ ባሮ ሽንኩርት ሰካ፤
"ጻፍ" አለኝ፣ ዐይኑ ዐይኔን ሳይነካ።

የመጨረሻው ስም የሷ ነበር፣ ካለፈው እሑድ፤
ከሥሯ ያለው መስመር ነጭ ነው፣ እንደ በረድ።
እርሳሴን በምላሴ አራስኩ። ኢድወል ቆሞ እያየው
ጻፍኩለት፦
"እንደ ላይኛው።"